ውሃውን የጠረጠረው ሐኪም፤ የዶክተር ጆን ስኖው የሕይወት ታሪክ

ዘንድሮ ለዚህ መጽሔታችን የመረጥነው ሰው የሀገራችን ተወላጅ አይደለም። የሐሬን ወንዝ አልተሻገረም፤ ዐባያንም በዓይኑ አላየም። ከሞተም ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ እዚህ ላንቴ ውስጥ በማለዳ ጀሪካኗን አዝላ ውሃ የምትቀዳ እናት ሁሉ የዚህ ሰው ባለዕዳ ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ሰውየው ዶክተር ጆን ስኖው ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር የምንጠቅሰው ዘመን የፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

እድር ስለ ቀብር እንጂ ስለ ውሃ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ጥሩንባ ሲነፋ ተጠራርተን ድንኳን የምንተክል፣ መቃብር የምንቆፍር እኛው ነን። የሽማግሌ ቀብር ያሳዝናል እንጂ አያስቆጭም፤ ዘመኑን ጠግቦ ሄደ ተብሎ እንጽናናለን። የሕፃን ቀብር ግን ሌላ ነው። ጉድጓዱ ትንሽ ስለሆነ ቆፋሪው ቶሎ ይጨርሳል፤ ሲመለሱ ግን ማንም ቀና ብሎ የሌላውን ፊት አያይም። ልጁን ምን አገኘው ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ ሆዱን አሞት ነው። አንዳንዱ ጥርስ እያወጣ ነበር ይላል፤ ሌላው ዓይን በላው ይላል፤ ሌላውም ምች መታው ይላል። ውሃውን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው። ጆን ስኖውም የኖረው ሁሉ ሰው አየሩን በሚከስበትና ማንም ውሃውን በማይጠረጥርበት ዘመን ነበር። ስለዚህ ታሪኩ የኛም ታሪክ ነው።

ጆን ስኖው መጋቢት 15 ቀን 1813 በእንግሊዝ ሀገር ዮርክ በምትባል ከተማ ተወለደ። በኛ ሀገር ዘመነ መሳፍንት ነበር። አባቱ የቀን ሠራተኛ ሲሆን ቤታቸው ከኡዝ ወንዝ አጠገብ፣ ድሆች በሚኖሩበት ሠፈር ነበር። ወንዙ ሲሞላ ጎርፉ እስከ ደጃፍ ይደርስ ነበር፤ የወንዝ ዳር ኑሮ ምን እንደሆነ ለኛ ማንም አይነግረንም። ጆን ከዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያው ነው። ወላጆቹ ድሆች ቢሆኑም ልጃቸው ፊደል እንዲቆጥር ያላቸውን አሟጠጡ፤ እሱም በትምህርቱ፣ በተለይም በሒሳብ የበረታ ሆኖ ተገኘ።

14 ዓመት ሲሞላው በ1827 ኒውካስል ወደምትባል ከተማ ተልኮ በአንድ ሐኪም እጅ ሥር ተለማማጅ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሕክምና የሚለመደው እንደ ሽመና ነበር፤ ልጁ ከባለሙያው ጎን ተቀምጦ እያየ፣ እየታዘዘ፣ እየተሳሳተም ይማራል። በ1831 ማብቂያ ላይ ኮሌራ እንግሊዝ ገባ። የ18 ዓመቱ ወጣት ኪሊንግወርዝ ወደሚባል የከሰል ማዕድን ሠፈር ተላከ። ሠራተኞቹ ሌሊት ወጥተው ብዙ ሰዓት ከመሬት በታች የሚውሉ ናቸው። ጉድጓዱ ውስጥ መጸዳጃ የለም፤ እጅ መታጠቢያ የለም፤ ምሳቸውንም እዚያው በቆሸሸ እጃቸው ይበላሉ። ጎልማሳው ጠዋት በደህና ወጥቶ ማታ በድን ሆኖ ይገባ ነበር። ወጣቱ ስኖው የሚችለውን ሁሉ አደረገ፤ ግን ብዙ ሰው ማዳን አልቻለም። ያየው ነገር ግን ከልቡ ሳይወጣ ቀረ።

በዚያ ዘመን የታወቁት ሊቃውንት ሁሉ በሽታ የሚመጣው ከክፉ ሽታ ነው ይሉ ነበር። ከቆሻሻና ከረግረግ የሚነሣው የከረፋ አየር በአፍንጫ ገብቶ ደምን ይመርዛል ብለው ያምኑ ነበር። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም፤ በሽታ በበዛበት ሠፈር ሽታም ይበዛልና። ጥፋቱ ሁለቱ አብረው ስለታዩ አንዱ የሌላው አባት ነው ማለቱ ላይ ነው።

ስኖው በ1836 ትምህርቱን ለመቀጠል ለንደን ገባ። ባቡር እንደ ልብ አልነበረምና ከሰሜን ተነሥቶ በዌልስ በኩል ዞሮ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ነው የሄደው። ድህነቱ ሳይበግረው ፈተናዎቹን አንድ በአንድ አልፎ በ1844 የለንደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክተር ሆነ። ሶሆ በሚባለው ጠባብና ሰው በበዛበት ሠፈር ቤት ተከራይቶ ድሃውንም ሀብታሙንም ማከም ጀመረ። ጠባዩ ዝምተኛ ነበር። ሚስት አላገባም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሥጋና መጠጥ ትቶ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ውሃም ቢሆን ተፈልቶ የተጣራ ካልሆነ አይጠጣም ነበር። ጓደኞቹ ይህን እንደ አጉል ጠባይ ቆጥረው ይስቁበት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በዓለም የታወቀው መጀመሪያ በውሃ ሳይሆን በማደንዘዣ ነው። በ1846 መጨረሻ ላይ ኤተር የተባለው ማደንዘዣ ወሬ ከአሜሪካ ሲደርስ ስኖው የእንፋሎቱን ልክ የሚቆጣጠር መሣሪያ ሠራ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ስለ ኤተር መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ትላልቅ ቀዶ ጥገናዎች ሲደረጉ የሚጠራው እሱ ሆነ። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ፣ በ1857ም ልዕልት ቢያትሪስን ስትወልድ ክሎሮፎርም የሰጣት ይኸው የቀን ሠራተኛ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ ሰው አርፎ ቢቀመጥ ማን ይወቅሰው ነበር? እሱ ግን ጠዋት ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር ውሎ ከሰዓት በኋላ የድሆችን በር እያንኳኳ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ እያለ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ የማደንዘዣ ሙያው ነው ለውሃው ነገር ዓይኑን የከፈተለት። እንፋሎት ከአየር ጋር ሲቀላቀል እየሳሳ፣ ጉልበቱም እየደከመ እንደሚሄድ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ ክፉ ሽታ በሽታ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ቆሻሻ የሚጭኑና ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ቀድመው ባለቁ ነበር፤ እነሱ ግን ከሌላው ሰው ይበልጥ ሲሞቱ አልታዩም። ደግሞም ኮሌራ የሚጀምረው ከሳንባ ሳይሆን ከአንጀት ነው፤ አስቀድሞ ተቅማጡና ትውከቱ ይመጣል። ስለዚህ በአፍንጫ የገባ ሳይሆን በአፍ የተዋጠ ነገር መሆን አለበት ብሎ አሰበ። ከታመመ ሰው ሆድ የወጣው ነገር በእጅ ወይም በውሃ ወደ ጤነኛው አፍ ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ሐሳቡን በ1849 በትንሽ መጽሐፍ አሳተመው። ሰሚ ግን አላገኘም። የሰውን ዓይነ ምድር እየጠጣችሁ ነው ተብሎ ሲነገረው ደስ የሚለው ማን አለ?

በ1854 ኮሌራ ተመልሶ ሲመጣ ስኖው ማስረጃ ፍለጋ ተነሣ። በደቡብ ለንደን ሁለት የውሃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ፣ አንዳንዴም ጎን ለጎን ለቆሙ ቤቶች ለየብቻቸው ውሃ ያስገቡ ነበር። ሳውዝዋርክና ቮክሶል የተባለው የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት ከቴምዝ ወንዝ ክፍል ይቀዳል። ላምቤዝ የተባለው ግን በ1852 መቅጃውን ወደ ላይ፣ ፍሳሹ ወደማይደርስበት ቦታ አዛውሯል። የሁለቱ ደንበኞች አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ አንድ አየር ይተነፍሳሉ፤ ልዩነታቸው ውሃው ብቻ ነው። ስኖው ሰው ወደሞተበት ቤት እየሄደ ውሃው የማን እንደሆነ ይጠይቅ ጀመር። ብዙ ተከራይ የውሃውን ሒሳብ የሚከፍለው ባለቤቱ ስለሆነ መልሱን አያውቅም። እዚህ ላይም ዘዴ አላጣም፤ ከቤቱ ውሃ ወስዶ የብር ጨው ጠብ ሲያደርግበት ከታችኛው ወንዝ የመጣው የባሕር ጨው የበዛበት ስለሆነ ወተት መስሎ ይደፈርሳል፤ የላይኛው ግን ብዙም አይለወጥም።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። በወረርሽኙ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሳምንታት የቆሸሸውን ውሃ ከሚጠጡት 40,046 ቤቶች ውስጥ 1,263 ሰዎች ሞቱ። ንጹሑን ከሚጠጡት 26,107 ቤቶች ግን የሞቱት 98 ብቻ ነበሩ። ቤቱን በቤት ብናሰላው ከ10,000 ቤት በአንደኛው ወገን 315፣ በሌላው ወገን 37 ሞተዋል ማለት ነው። ጎረቤት ከጎረቤት እንዲህ ሲለያይ አየሩን መክሰስ እንዴት ይቻላል?

ይህን ቆጠራ በማካሄድ ላይ ሳለ በገዛ ሠፈሩ በሶሆ መዓት ወረደ። ነሐሴ 31 ቀን 1854 ማታ ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ አካባቢ ሰዎች በድንገት መውደቅ ጀመሩ። በሦስት ቀን ውስጥ 127 ሰዎች ሞቱ። በአሥር ቀን ውስጥ ቁጥሩ ከ500 አለፈ፤ በመጨረሻም 616 ደረሰ። አንዳንዱ ቤት ቀባሪ ሳይተርፍለት ቀረ። የተረፈው ሰው ቤቱን እየዘጋ ሸሸ። ስኖው ግን ሰው ከሚሸሽበት ሠፈር ገባ።

በመንገዱ ላይ ሠፈሩ ሁሉ የሚወደው የእጅ ፓምፕ ያለው የውሃ ጉድጓድ ነበር። ውሃው ኩልል ያለና ቀዝቃዛ ስለሆነ ከሩቅ መጥተው የሚቀዱም ነበሩ። ስኖው የሟቾቹን ስም ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት ሲጠይቅ አብዛኞቹ ከዚያ ፓምፕ የጠጡ ሆነው ተገኙ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ያልሞቱት ናቸው። በአጠገቡ ባለው የድሆች መጠለያ ውስጥ 535 ሰዎች ነበሩ፤ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው፤ መጠለያው የራሱ የውሃ ጉድጓድ ነበረውና። እዚያው መንገድ ላይ በነበረው ቢራ ጠማቂ ቤት ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩ፤ አንድም አልሞተም። ጌታቸው ቢራ በነፃ ስለሚሰጣቸው ከፓምፑ አይጠጡም ነበር። ይህን ስንጽፍ ጠላና ቦርዴ የሚወድ አባል ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቁም ነገሩ ግን መጠጡ መድኃኒት መሆኑ አይደለም፤ ከተበከለው ውሃ መራቃቸው ነው። ባልፈላ ውሃ የተበጠበጠ ቦርዴ እንደዚያው እንደ ውሃው አደገኛ ነው።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ከሠፈሩ ወጥታ ሃምስቴድ በተባለ ሩቅና ነፋሻ ሠፈር ትኖር ነበር። የድሮ ሠፈሯ ውሃ ጣዕሙ ከአፏ አልጠፋ ብሎ በየቀኑ በጋሪ ያመጡላት ነበር። መስከረም 2 ቀን ሞተች፤ ልትጠይቃት መጥታ ከዚያ ውሃ የጠጣችው የወንድሟ ልጅም ሞተች። በዚያ ሠፈር ሌላ የታመመ አልነበረም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የኛ ሰው ተረት ለጎርፍና ለወንዝ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ለካስ በብርጭቆ ውስጥም ያሳስቃል።

መስከረም 7 ቀን ማታ የአጥቢያው ኮሚቴ ተሰብስቦ ሳለ ስኖው ገብቶ ያገኘውን ነገር አስረዳ፤ የፓምፑም እጀታ እንዲነቀል ለመነ። የኮሚቴው አባላት እንደኛው የእድር ዳኞች የሠፈሩ ሰዎች ናቸው። በነገሩ ሙሉ በሙሉ አላመኑም፤ ነገር ግን ሰው እያለቀ ዝም ከማለት ይሻላል ብለው ተስማሙ። በማግስቱ መስከረም 8 ቀን እጀታው ተነቀለ። ከታሪኩ ሁሉ ለኛ የሚጠቅመን ይህ ውሳኔ ነው። ሊቃውንቱ ተከራክረው እስኪጨርሱ ሳይጠብቁ፣ የሚቻለውን ትንሽ ነገር በጊዜው አደረጉ።

ስኖው ግን ሐቀኛ ሰው ስለነበር በሽታውን ያቆመው እጀታውን ማስነቀሌ ነው ብሎ አልፎከረም። ሰው በመሸሹ ምክንያት በሽታው ቀድሞ መቀነስ ጀምሮ እንደነበር ራሱ ጽፏል። በሠፈሩ የሚያገለግል ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል ወጣት ቄስም በስኖው ሐሳብ አላመነም ነበር፤ እንዲያውም ስሕተት መሆኑን ላሳይ ብሎ ምርመራ ጀመረ። ሠፈርተኛውን ሁሉ ስለሚያውቅ ለስኖው ያልተነገረው ሁሉ ተነገረው። በመጨረሻም ሐሳቡን ለውጦ የስኖው ደጋፊ ሆነ። የችግሩን ሥር ያገኘውም ይህ ቄስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብሮድ ስትሪት ቁጥር 40፣ ከፓምፑ ፊት ለፊት ባለው ቤት አንዲት የአምስት ወር ሕፃን ነበረች። ነሐሴ 28 ቀን ተቅማጥ ያዛትና መስከረም 2 ቀን ሞተች። እናቷ የሽንት ጨርቋን በባልዲ እያጠበች እጣቢውን ከቤቱ ፊት ባለው የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ትደፋ ነበር። በ1855 ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲታይ ግንቡ ፈራርሷል፤ ከውሃው ጉድጓድ ያለው ርቀት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፍሳሹም ወደ ውሃው ሰርጓል። እንግዲህ ያ ሁሉ እልቂት የመጣው ከአንዲት ሕፃን ተቅማጥ ነው። እናቲቱ አንዳች ጥፋት አልሠራችም፤ እንደ ማንኛዋም እናት የልጇን ጨርቅ አጠበች። የልጅቷ አባትም መስከረም 8 ቀን፣ እጀታው በተነቀለበት ዕለት ታመመና ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። የሱም ጨርቅ እጣቢ እዚያው ጉድጓድ ገብቶ ፓምፑ ክፍት ሆኖ ቢቆይ ኖሮ ሁለተኛ እልቂት ሊመጣ ይችል ነበር።

በኛ ዘንድ የሕፃን ዓይነ ምድር ንጹሕ ነው፣ አይጎዳም የሚል አነጋገር አለ። ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ያን አነጋገር ዳግመኛ አይደግመውም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ይህ ሁሉ ማስረጃ ቀርቦም መንግሥት ያቋቋመው የጤና ኮሚቴ የስኖውን ሐሳብ አልተቀበለም። የፓምፑም እጀታ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ተገጠመ። ስኖው በ1855 መጽሐፉን አስፋፍቶ በራሱ ገንዘብ አሳተመ፤ ካወጣው የተመለሰለት እጅግ ጥቂት ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ለማንም ሰው የሚሆን ምክር ሰጥቷል፦ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው እጁን ይታጠብ፣ የበሽተኛው ጨርቅ በሚገባ ይታጠብ፣ የሚያጠራጥር ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ። ከዚህ የተለየ ምን ይመከራል? ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤታችን መጥተው የሚነግሩን ይህንኑ ነው።

ስኖው ሰኔ 10 ቀን 1858 ስለ ክሎሮፎርም የሚጽፈውን መጽሐፍ በማገባደድ ላይ ሳለ በድንገት ወደቀ። ሰኔ 16 ቀን በ45 ዓመቱ አረፈ። ብሮምፕተን በሚባለው መካነ መቃብር ተቀበረ፤ ወዳጆቹም ገንዘብ አዋጥተው ሐውልት አቆሙለት። ሐውልቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈርሶ ኋላ እንደገና ተሠርቷል። የታወቀው የሕክምና መጽሔት ላንሴት የሞቱን ዜና በጥቂት መሥመር ሲያወጣ ስለ ውሃውና ስለ ኮሌራው አንድም ቃል አላነሣም ነበር፤ ጉድለቱን ያረመው የተወለደበት 200ኛ ዓመት ሲከበር በ2013 ነው።

እውነት ግን ቀብር አያግዳትም። ስኖው ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1866 ኮሌራ ምሥራቅ ለንደንን ሲመታ፣ ቀድሞ ይጠራጠሩት ከነበሩት አንዱ የሆነው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዊልያም ፋር ጥፋቱን ወደ አንድ የውሃ ኩባንያ መርቶ አገኘው፤ ሕዝቡም ውሃ እያፈላ እንዲጠጣ ተነገረ። ተሐዋሲውን ፓቺኒ የሚባል ጣሊያናዊ በ1854 በማይክሮስኮፕ አይቶት ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ኋላ በ1883 እና በ1884 ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ በግብፅና በህንድ መርምሮ ለዓለም አረጋገጠ።

በዚያው በ1866 በሀገራችንም በሽታው ነበር። አባቶቻችን ፈንግል ይሉታል። ጣና ዳር ቆራጣ ላይ የሠፈረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ስለተመታ ንጉሠ ነገሥቱ ሠፈሩን ለቀው ወደ ደጋው ወጡ። በ1970 ኮሌራ እንደገና ሀገራችን ገብቷል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ የጀመረው ወረርሽኝም ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቷል። ኮሌራ ግን በየጊዜው መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከቤታችን የማይወጣው ሌላው የሕፃናት ተቅማጥ ነው፤ መንገዱ አንድ ነው፤ ከዓይነ ምድር ወደ እጅ፣ ወደ ውሃ፣ ወደ አፍ።

እንግዲህ ወደ ላንቴ እንመለስ። የምንኖረው ውሃ በሞላበት ሀገር ነው። የዞናችን ከተማ ስሟ ራሱ አርባ ምንጭ ነው። ሐሬ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ ሙዛችንን ያጠጣል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ዝናብ ሲዘንብም ከሜዳ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይገባበታል። የቦይ ውሃ ለሙዝ ነው እንጂ ለልጅ አይሆንም። ከንጹሕ ቧንቧ ወይም ከተገነባ ምንጭ የተቀዳውም ቢሆን ቤት ከገባ በኋላ ይበላሻል፤ አፉ ሰፊ በሆነ እንስራ ውስጥ ሁሉም ሰው ጣሳውን ከነጣቱ ያጠልቅበታልና።

ምን እናድርግ? አንደኛው ማፍላት ነው። ውሃው እስኪንተከተክ ፈልቶ አንድ ደቂቃ ይቆይ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በጨንቻ ደጋ ላሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ሦስት ደቂቃ። የማገዶ ችግር እንዳለ እናውቃለን፤ ቢያንስ ሕፃኑ የሚጠጣው ይፍላ። ሁለተኛው ክሎሪን ነው፤ እንደ ውሃ አጋር ያለውን በጀሪካኑ መጠን በመመሪያው ላይ እንደተጻፈው ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ትንሽ ሽታ ቢኖረው አትፍሩት፤ ያ ሽታ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ ይጠለል ወይም እንደ ቢሻን ጋሪ ያለ የሚያጠራም የሚያክምም ዱቄት ይጨመርበት። በግቢያችን ያለው ሃለኮ ወይም ሽፈራው ፍሬው ተወቅጦ ድፍርስ ውሃን እንደሚያጠራ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ማጥራት ማከም አይደለም። የብሮድ ስትሪት ውሃም ጥርት ያለ ነበር። ሦስተኛው ያለ ገንዘብ የሚገኘው ፀሐያችን ነው፤ ሃይላንድ በምንለው ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ንጹሕ የሚመስለውን ውሃ ሞልቶ ከጠዋት ጀምሮ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማስተኛት፣ ሰማዩ ደመና ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን ማቆየት ነው።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ ወረዳ የተደረገና በ2013 የታተመ ጥናት፣ የቤታቸውን ውሃ በክሎሪን ያከሙ ቤተሰቦች ዘንድ የሕፃናት ተቅማጥ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ቀንሶ አግኝቶታል። የቀርሳ እናቶች ያደረጉትን የላንቴ እናቶች የማያደርጉበት ምክንያት የለም።

የታከመውን ውሃ ክዳን ባለው፣ አፉ ጠባብ በሆነ ዕቃ ማስቀመጥ፣ በጣሳ ከመጥለቅ ይልቅ ማንቆርቆር፣ ከመጸዳጃ መልስና ልጅ ካጸዱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። መጸዳጃ ቤትም ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም አያስፈልገውም።

ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ግን እንጥል ማስቆረጥና ጥርስ ማስነቀል ሳይሆን የወጣውን ውሃ መተካት ነው የሚያድነው። ጡት አይቋረጥ፤ ከጤና ኬላ ሕይወት አድን ንጥርና ዚንክ ይወሰድ። ንጥሩ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክክ ያለ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ እያሉ መስጠት ነው። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

በመጨረሻም ለጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በለቅሶ ድንኳናችን ውስጥ ለለቀስተኛው ውሃ በበርሜል ይቀርባል። በዚያ በርሜል ውስጥ ስንት ጣሳ፣ ስንት እጅ እንደሚገባ ሁላችንም አይተናል። ከእናቱ ጋር የመጣው ሕፃንም ከዚያው ይጠጣል። አንዱን ቀብረን ስንመለስ ሌላ እንዳንቀብር እንሰጋለን። ስለዚህ እድራችን ክዳንና ቧንቧ ያላቸው የውሃ ዕቃዎች ይግዛ፤ የክሎሪኑ ወጪም ከመዋጮአችን ይሸፈን፤ ከአባላቱም በየተራው ውሃውን የሚያክም ሰው ይመደብ። ወጪው ከአንድ ድንኳን ሸራ አይበልጥም።

የሶሆ ኮሚቴ አባላት በስኖው ነገር ሙሉ በሙሉ ሳያምኑ እጀታውን ነቀሉ። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ የተገኘውን ማስረጃ ሁሉ ይዘናል። የኛ እጀታ ያ በርሜል ነው፤ ከሱ እንጀምር። ለእድራችን መዝገብ ያዥ የሕፃን ስም የማይጻፍበት ዓመት ያምጣልን።